ከወንበር ሥር ያለ ጉልበት

ፑንታ አሬናስ ላይ፣ የብስ ባለቀበት፣
ጭሰኞቹ እኛ ነን፣ ነፋስ ነው ባላባት።
ዛፉም እጅ እየነሣ፣ ተጣሞ ነው የሚያድገው፤
ማእዘን ሲደርስ ገመድ ይዞ ነው ሰው የሚሻገረው።
እኔ የርኮ እባላለሁ፣ የአሥራ አምስት መሥመር ታክሲ ነጂ፣
የወሬ አጠራቃሚ፣ የቤንዚን ፈጂ።

የድሮው ስፒከር ሆዱ ተተርትሮ፣
ዜናና ዘፈኑን በባዶ ድድ ሲያኝክ ሁለት ክረምት ኖሮ፣
በመጨረሻ ነቅዬ ጣልኩና
አዲስ ገጠምኩለት፣ ለጎማ ያልኩትን ፔሶ ቆጠርኩና።
አቤት ጥራት! አኮርዲዮኑ ደረቱን ነፍቶ ሲተነፍስ፣
የዘፋኟ ምላስ ከላንቃዋ ሲላቀቅ፣ ከንፈሯ ሲርስ፣
ሁሉም ተሰማኝ፤ መኪናው ቆሞ ሳለ።
ሦስተኛ ማርሽ ላይ፣ ነፋሱ ከጎን «መጣሁ» አለ፣
ሬዲዮው ትንፋሽ አጠረው።
ብጠመዝዘው፣ ብጠመዝዘው፣
ድምፁ መጎልበቱ ቀርቶ ቁጣ ነው የያዘው።

ተሳፋሪም ዳኛ ነው። የወደቡ ክሬን ነጂ ኤላዲዮ፣
«ጨምርበት!» አለኝ፣ «ያለ ቤዝ ምን ወዝ አለው ሬዲዮ?»
የትምህርት ቤቷ ጸሐፊ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደላድላ፣
«ነፋሱ አይበቃም?» አለች፣ በሻርፗ ጆሮዋን ጠቅልላ።
አንድ መርከበኛ ደግሞ፣ ቋንቋው ያልገባኝ፣
ጣሪያውን በጣቱ እየመታ ምት አሳየኝ።

ኩስቶዲዮ ዘንድ ሄድኩ፣ ከቄራው ጀርባ ጋራዥ ያለው፣
ጣቱ በብየዳ የጠቆረ፣ ቃል እንደ ብሎን እየቆጠረ የሚሰጠው።
ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ አዳመጠ፣
እጁን በጨርቅ ጠረገና ጎማ ላይ ተቀመጠ።
«አፍ ገዝተህለታል፤
ሳንባው ግን የታል?
አምፕሊፋየር ጨምርለት፣ ከወንበር ሥር ይገባል፣
ቀዩ ሽቦ በፊውዝ አድርጎ ከባትሪ ይሳባል።»
ዋጋውን ነገረኝ፤ የሦስት ሳምንት ላቤ።
«እኔ ጩኸት አልወድም» አልኩ፣ ኪሴን እያሰብኩ በልቤ።
ሳቀብኝ። «ጉልበት ለጩኸት መሰለህ?
የሚጮኸው አቅም ያነሰው ነው፤ ይኸው ሬዲዮህ፣ ይኸው ራስህ።
አቅም የተረፈው ሰው ዝግ ብሎ ይናገራል፤
ያላወጣው ኃይል ከኋላው ቆሞ ያስከብረዋል።»

ቤት ስገባ ዳኒትሳ የዓሣ ቅርፊት ትፍቃለች።
አጫወትኳት። ቢላዋዋን ሳታቆም፣ «አንተ፣» አለች፣
«ሦስቴ ጠርቼህ በአራተኛው ‹እ?› የምትለኝ
እኔንም ሳንባ አጥሮኝ ነው? አምፕሊፋየር ይገጠምልኝ?»

ሌሊቱን ስገላበጥ ሌላ ሥጋት መጣ፤
ጉልበት መቼ ይመርጣል፣ ያገኘውን ነው የሚያወጣ።
ዘፈኑን ሲያጎላው የላላው የበር ቆርቆሮ አብሮ ይጨፍራል፣
የዲናሞው ፉጨት በዜማው መሃል ይገባል፤
እስከ ዛሬ ለራሴም ያልነገርኩት የመኪናዬ ጉድ
በአራት ተሳፋሪ ፊት ሊነበብ ነው፣ በግድ።
እና ተውኩት።

ዓርብ ዕለት ገዛሁት።

አልዋሽም፣ ገዛሁት። ግን አልገጠምኩትም።
ከነካርቶኑ ከፊት ወንበር ሥር ነው፤ ሽቦ አልነካውም።

ማክሰኞና ቅዳሜ ፍሬሲያን እወስዳለሁ፣
ኩላሊት እጥበት አላት፤ ሆስፒታሉ በር አደርሳታለሁ።
ዛሬ ጧት ነፋሱ አርፎ፣ ሬዲዮው ዝቅ ብሎ፣
የእሷ ማንጎራጎር የዘፋኟን ድምፅ ሥር ሥሩን ተከትሎ
መጣ፤ እንደ ክር የቀጠነ። ዘጠኝ ወር ሙሉ አጠገቤ ተቀምጣ
ለካ ድምፅ አላት! የድሮው ስፒከር ነው ያፈናት ሲንጫጫ።

«የርኮ፣» አለች፣ «ተረከዜን የሚነካኝ ሣጥን ምንድነው?»
«ጉልበት፣» አልኳት፣ «ገና ያልተገጠመ ነው።»
ሳቀች፤ ትንፋሿ መስታወቱን አደበዘዘ።
«ታዲያ ለማን…» ብላ ጀመረች፤ እጄ መሪውን ጠመዘዘ፣
ማእዘኑን ዞርን።
ነፋሱ ሙሉ ደረቱን ከጎን ጣለብን፣
መኪናው ተናጠ፣ ዘፈኑ ጠፋ፤
ከንፈሯን አያለሁ፣ ሲጠብ፣ ሲሰፋ፤
ያለችውን አልሰማሁም።

«እ?» አልኳት።